መሬት ለነጂው

እግረኛ ባይኖር ኖሮ የአዲስ አበባ መንገድ እንከን አይወጣለትም ነበር። አስፋልቱ ሰፊ፣ መብራቱ ደማቅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። የሚያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር ልሂድ የሚል ሰው አይጠፋም። ቤቱ በዚህ በኩል ነው፣ መሥሪያ ቤቱ በዚያ። የልጁ ትምህርት ቤት በዚህ ነው፣ ታክሲ የሚይዝበት በዚያ። ዕድሩ በዚህ፣ ሐኪም ቤቱ በዚያ። ሰው እንዴት ኑሮውን በመንገዱ አንድ ወገን ብቻ ማደራጀት ያቅተዋል?

ይባስ ብሎ ብዙ ነው። በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ ሲሶ ያህሉ በአውቶቡስ፣ በታክሲና በመሳሰሉት፤ በግል መኪና የሚሄደው ከመቶ 15 ገደማ ነው። የታክሲ ተሳፋሪውም ቢሆን «ወራጅ አለ!» ብሎ ከወረደባት ደቂቃ ጀምሮ እግረኛ ነው። እንግዲህ መንገዱን ለማን እንሥራው? መልሱ ግልጽ ነው፤ ለጥቂቶቹ። አናሳ ምንጊዜም ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ተማሪው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያለ ሰልፍ ወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. አዋጁ ታወጀለት። ከተማችን ግን ሰልፍም አዋጅም ሳያስፈልጋት የራሷን ውሳኔ ወስናለች፤ መሬት ለነጂው። የማይነዳው ቅር እንዳይለው ደግሞ ሰማይ ተመድቦለታል። የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይን ማለቴ ነው።

ይህ ድልድይ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ከሥሩ የሚያልፈው መኪና የመቶ ፈረስ ጉልበት የሚጎትተው ነው። እንዲቆም የሚያስፈልገው የአንድ ሰው ቀኝ እግር ከነዳጁ ተነሥቶ ፍሬኑን መርገጡ ብቻ ነው። ግን ይህን ሁሉ ፈረስ ለአንድ ሰው ብሎ ማስቆም ነውር ይሆናል። ስለዚህ በርበሬ አስፈጭተው የሚመለሱት የሰባ ዓመት እማማ፣ በራሳቸው ጉልበት፣ የሁለት ፎቅ ያህል ደረጃ ይውጡ፤ ከላይ ትንሽ ነፋስ ይቀበሉ፤ በወዲያ በኩል ደግሞ ያንኑ ያህል ይውረዱ። ጉልበቴን ያመኛል ካሉ፣ ደረጃ መውጣት ለልብ መልካም እንደሆነ ይነገራቸው። ነፍሰ ጡሯም ትውጣ፤ ለሁለት ሰው ስፖርት ሠራች ማለት ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውስ? እሱ እንኳ አይውጣ። ከታች ሆኖ የድልድዩን ውበት ያድንቅ፤ ከላይ ያለው ይህን ዕድል አላገኘም።

ድልድዩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ በጤና ላይ ጤና ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቻይና ተቋራጭ የሠራው ቀለበት መንገድ ሲያልፍ፣ እሳት ይጫጫሩ የነበሩ ጎረቤታሞች በአንድ ጀንበር የማዶ ሰዎች ሆኑ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲዘረጋ፣ ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ አጥሩን ይዞ ነው የመጣው። ከፊት ለፊት የሚታይ ሱቅ ውስጥ ዳቦ ለመግዛት ወደ ቀኝ ረጅም መንገድ መሄድ፣ መሻገር፣ ያንኑ ያህል ወደ ግራ መመለስ መጣ። ዳቦው ቁርስ መሆኑ ቀርቶ ለምሳ ይደርሳል።

ያልሠለጠነው ሕዝባችን ግን ይህን አልወደደም። የኮንክሪቱን ግንብ ይዘላል፣ አጥሩን ይፈለቅቃል፣ ቀሚስ ሰብስቦ ልጅ አስቀድሞ ይሾልካል። በየቦታው ቀዳዳ አለ። ይደፈናል፣ ተመልሶ እዚያው ይከፈታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቀዳዳው ሁልጊዜ የሚከፈተው ሰው መሻገር በሚፈልግበት ቦታ ነው። ከገበያው ፊት ለፊት፣ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ ከታክሲ ማቆሚያው ትይዩ። ሕዝቡ መሻገሪያው የት መሠራት እንደነበረበት በእግሩ ጥናት አካሂዶ በነጻ አስረክቧል። ይሁን እንጂ ጨረታ ያልወጣበት፣ አበል ያልተከፈለበት፣ ጥራዙ በወርቃማ ቀለም ያልታተመ ጥናት ማን ያምናል? ድፈኑት!

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተረተው ቀለበት መንገድን አላየም። እንቁላሉ እግር ሲያወጣ ምን እንደሚጠብቀው ቢያውቅ ኖሮ በቅርፊቱ ውስጥ እንዲቆይ ይመክረው ነበር።

ድልድይ በሌለበት ዜብራ አለን። ዜብራ ማለት መኪና የማይቆምበት፣ እግረኛ ግን ስለማለፉ ሕጋዊ ማስረጃ የሚያገኝበት ነጭ ቀለም ነው። ቀለሙ ክረምት ይነካውና ይጠፋል፤ በዓል ሲቃረብ ይመለሳል። መብራት ባለበትም የሚያስቅ ነገር አለ፤ ከላይ ያለው አረንጓዴ ሰውዬ ረጋ ብሎ ይራመዳል፣ ከታች ያለው የሥጋ ሰው ይሮጣል። ሮጦም መሀል ላይ ይቀራል። መሀል ላይ የሚቆምባት የአንድ ክንድ ወለል ቢሠራለት አስፋልቱን ያጠባል ተብሎ ይፈራል። ክላክስ የሚነፋበትም እዚያው ነው።

ቢሞትስ? ለዚህም ሥርዓት አበጅተንለታል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ከአምስቱ አራቱ ገደማ እግረኞች ናቸው። ጠዋት በሬዲዮ ይነገራል፤ ሾፌሩ «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» ይባላል፣ ወይም ሟቹ «ግራ ቀኝ ሳይመለከት» ይባላል። ከዚያ ወግ ባለው ድምፅ ምክር ይከተላል፤ አሽከርካሪዎች ተጠንቀቁ፣ እግረኞች ተጠንቀቁ። ሟቹ ይቀበራል፣ ሾፌሩ ይታሰራል፣ አስፋልቱ ይታጠባል። በሦስተኛው ወር እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ሟች፣ ሌላ ሾፌር። ሁለቱም የፊተኞቹን አያውቋቸውም። ሁለቱን አደጋዎች የሚያገናኛቸው አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ነው፤ እሱም ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ተዘርግቶ ይታያል። ግን መንገድ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠርቶ አያውቅም። ዲዛይኑን የፈረመውም አልተጠራም።

አንዳንድ አገሮች በዚህ ነገር ግትር ናቸው። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ እንግዳ ሐሳብ አጸደቀ፤ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ መንገድ ሲሠራ ስህተቱ በሞት እንዳያስቀጣው ተደርጎ ይሠራ፣ ኃላፊነቱም ከተጠቃሚው በፊት የመንገዱ ባለቤት ላይ ይውደቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የዓለም ሚኒስትሮች እዚያው ስቶክሆልም ተሰብስበው፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ አሉ። ሠላሳ! እንኳን መኪና፣ በሠርግ ሰሞን የሙሽራ አጀብም በዚህ አይሄድም።

ፊዚክስም ከነሱ ጋር አብሯል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ሰው አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ፍጥነቱን መቀነስ ሳይጀምር 17 ሜትር በልቷል፤ በ30 ቢሆን ግን 8 ሜትር። በ60 ሲመታም ጉልበቱ የ30ው ሁለት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ይህን ሕግ ያወጣ አካል ጸረ ልማት መሆን አለበት።

በዚህ ላይ ሾፌር ፍጥነቱን ከምልክቱ አያነብም፤ ከአስፋልቱ ነው የሚያነበው። አራት ሰፋፊ መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ የለሰለሰ ጎዳና ዘርግተህ ዳር ላይ «ቀስ በል» የሚል ታፔላ ብትተክል፣ ታፔላው አንድ ይናገራል፣ አስፋልቱ ሌላ። ሾፌሩ ትልቁን ይሰማል። ይህን የሰፈር ሰው ከመሐንዲስ ቀድሞ ገብቶታል፤ ልጅ የተገጨበት ሰፈር በማግሥቱ ታፔላ አይተክልም፣ ድንጋይና አፈር አምጥቶ ጉብታ ይሠራል። ያለ ፈቃድ ስለሠራው ግን ይወቀሳል።

ከሁሉም የሚያሳፍረው የለገሃርና የሰባተኛ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማዋ በብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ድጋፍ በነዚህ መስቀለኛ መንገዶች ሙከራ አደረገች። መኪና የማይጠቀምበትን ትርፍ አስፋልት በቀለም ቀቡት፣ መከለያ ደረደሩ፣ የመታጠፊያውን ማዕዘን አጠበቡት፣ ለእግረኛው ሰጡት። የሚሻገረው ርቀት አጠረ፤ የሚታጠፈው መኪና ሳይወድ በግድ ዝግ አለ። በቀለም! ድልድይ የለም፣ ክሬን የለም፣ የውጭ ምንዛሪ የለም። እንዲህ ዓይነት ርካሽ መፍትሔ ተለምዶ ከተስፋፋ ሪባን የሚቆረጥበት ምን ሊቀር ነው?

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጠዋት መንገድ ተዘግቶ ሰው ሮጠበት፣ ልጅ ኳስ ተጫወተበት። ደግ ሥራ ነው። የቀሩት ቀናት የማን እንደሆኑ ለመጠየቅ ግን የደፈረ የለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተዘረጋው ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ግን ሽሙጥ አይገባውም። ጭቃ እየረገጠ ከመኪና ጋር ይጋፋ የነበረ ሰው ዛሬ ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በመንገድ ርዝመት ብቻ አይኖርም፤ በወርዱም ይኖራል። አሥር ሜትር ስፋት ባለው ንጹሕ ወለል ላይ ተንሸራሽሮ መሻገሪያው ላይ ሲደርስ የሚሮጥ ከሆነ፣ ያማረለት እስከ ዳሩ ድረስ ብቻ ነው። ዳሩን ያሳመረች ከተማ መሀሉን ልታስተካክል አቅም አጣች ማለት አይቻልም። ገንዘቡም ጉልበቱም እንዳላት በዚሁ ሥራ አስመስክራለች።

እንግዲህ ድልድይ ይህን ያህል መልካም ነገር ከሆነ ለመኪና ይሁን። ሞተር ያለው ይውጣ፣ ጉልበት የሚያመው በመሬት ይሂድ። ይህ ውድ ነው ከተባለ የሚቀረው ርካሹ ነው፤ መስመሩን አጥብቡ፣ ዜብራውን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት፣ መሀል ላይ መቆሚያ አኑሩ፣ ሕዝቡ የከፈተውን ቀዳዳ መሻገሪያ አድርጉት። ሁለት ሰው በአንድ ቦታ ሲሞት ደግሞ ከሾፌሩ ፋይል ጎን የመንገዱም ፋይል ይከፈት፤ ማን እንደሣለው፣ ማን እንዳጸደቀው፣ ከመጀመሪያው ሞት በኋላ ማን ዝም እንዳለ ይጻፍበት።

የርክክቡም ሥርዓት ይቀየር። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባኑ ይቆይና፣ ዲዛይኑን የፈረመው መሐንዲስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ትራፊክ ሳይቆምለት፣ እናቱን ይዞ አንድ ጊዜ ይሻገር። ሳይሮጡ ከተሻገሩ ይመረቅ። ለገዛ እናቱ ያልደፈረውን መንገድ ግን ለእኛ እናት አያስረክብ።