ልጅዎ ፕሬፒ ሲሆን ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ሬድመንድ የሚኖሩ ሐበሻ ወላጅ ነዎት እንበል። ልጅዎ ራኬት ጨብጣ ሳታውቅ የቴኒስ ጉርድ አማራት። ወይም ወንዱ ልጅዎ ሹራቡን መልበስ ትቶ ትከሻው ላይ ማሰር ጀመረ፤ ካልሲውንም እቤት ጥሎ ይወጣል። አይደናገጡ። ፕሬፒ የሚባለው አለባበስ ይዞት ነው። እንደ ጉንፋን ነው፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይነሳል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ ለወላጅ የሚቀረው ሒሳቡን መክፈልና እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። በሥርዓት ከተያዘ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ይህ ምክር የተጻፈው ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ የትኛው እንደያዘው ይለዩ፤ ዓይነቱ ሁለት ነውና። አሮጌው የምሥራቅ አሜሪካ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ የሃርቫርድና የዬል፣ የፕሪንስተን ልጆች አለባበስ ነው። ኮሌታው በቁልፍ የሚያዝ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ፈረስ ወይም አዞ ያለበት ቲሸርት፣ ካኪ ሱሪ፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ካልሲ የማያውቅ ሞካሲን። አዲሱ ከቲክቶክ የመጣ ሲሆን በብዛት የሚይዘው ሴቶቹን ነው። ሮዝ በሮዝ መሆን፣ የተሸነሸነ አጭር ጉርድ፣ የሉሉሌመን ጃኬት፣ በዚያ ላይ ስታንሊ የሚባል ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ የሚይዝ ባለእጀታ ኩባያ። ኩባያ ከመቼ ወዲህ ልብስ ሆነ ብለው አይጠይቁ፤ መልስ የለውም። «ከየት የመጣ ጉድ ነው» ብለውም አይማረሩ፤ ከዚሁ ነው። ስታንሊን የሚያመርተው ኩባንያ መቀመጫው ሲያትል ነው፣ ሉሉሌመንም እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው እዚሁ ጎረቤት ቫንኩቨር ነው። እናትዎ ለቅሶ ቤት ቡና ይዘው የሚሄዱበት ፔርሙዝና ይህ ኩባያ ዘመዳሞች መሆናቸውን ግን ለልጅቱ አይንገሯት። ሐዘን ይሆንባታል።

ዋጋ ላይ አይሟገቱ። «በዚህ ብር አገር ቤት ስንት ሰው...» የሚለውን ንግግር ልጅዎ በቃሉ ይዞታል፤ እርስዎ ሲጀምሩት እሱ ይጨርስልዎታል። በታሪክ ይግጠሙት። ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዱላ ያነሳው ሰውዬ የማን ምልክት እንደሆነ ይጠይቁት። የእንግሊዝ ባላባት ነገር ይመስለዋል። ባለቤቱ ራልፍ ሎረን ግን እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከቤላሩስ የፈለሱ አይሁዳውያን የሆኑ፣ የቤተሰቡ ስም ሊፍሺትዝ የነበረ ልጅ ነው። በ1967 ከረባት በመሸጥ ጀመረ፣ በ1972 ያንን ፈረስ በቲሸርት ላይ አሳየን። የድሮ ሀብታም ምን እንደሚለብስ ለአሜሪካ ያስተማረው የስደተኛ ልጅ ነው ማለት ነው። ይህን ሲተርኩለት ስም መቀየሩን የሚያወራውን ክፍል ይዝለሉት። «ታዲያ እኔስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣና አያቱ ሱባኤ ገብተው ያወጡለት ስም አደጋ ላይ ይወድቃል።

አዞውንም እንዲሁ። ሬኔ ላኮስት ፈረንሳዊ የቴኒስ ተጫዋች ነበር፤ አዞ ቅጽል ስሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ኩባንያ አቋቁሞ ቅጽል ስሙን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። አርባ ምንጭ ዘመድ ካለዎት በዚህ አጋጣሚ ይደውሉለት። ጫሞ ዳር ያደገ ሰው አዞ ሲያይ ይሸሻል እንጂ ከፍሎ ደረቱ ላይ አያስጠጋም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1980 ሊሳ በርንባክ የተባለች ጸሐፊ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በፕሬፒዎች የሚያሾፍ የመመሪያ መጽሐፍ አወጣች። ምን እንደሚለብሱ፣ የት እንደሚገዙ፣ ውሻቸውን እንዴት እንደሚይዙ ሁሉ ጽፋ ሳቀችባቸው። አንባቢው መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቀጥ ብሎ ሱቅ ሄደ። ቀልዱ የግዢ ዝርዝር ሆኖ አረፈው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ በሚያገኝበት ቦታ አያስቀምጡ። አማርኛ ማንበብ የሚችል ከሆነ ማለቴ ነው፤ ካልቻለ ጠረጴዛ ላይ ይተዉት።

የሚከብደው የግድየለሽነቱ ትምህርት ነው። የፕሬፒ አለባበስ የተደከመበት ሆኖ ያልተደከመበት መምሰል አለበት። ሸሚዙ በልክ ይጨማደዳል። የጫማው አፍንጫ ቢላጥ ይመረጣል። ሹራቡ ከአባት የተወረሰ መምሰል አለበት፤ ትናንት የተገዛ ቢሆንም። እኛ ደግሞ የክት ልብስ ያለን ሕዝብ ነን። የለበሰ ሰው መልበሱ ከሩቅ መታወቅ አለበት ብለን አደግን፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለቪዛ ፎቶ የምንለብሰው ሁሉ ተተኩሶ ነው። ይህን ያህል ዘመን የደከምንበትን ልጁ በአንድ መስከረም ሊያፈርሰው ነው። ያም ሆኖ የተላጠ ጫማ አይተው ቀለምና ብሩሽ ፍለጋ አይነሱ። ልጣጩ ገንዘብ ወጥቶበታል። ትከሻ ላይ የታሰረውን ሹራብ በተመለከተ ያለዎት መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ ለአያቱ ወደ አዲስ አበባ በቪዲዮ ይደውሉላቸው። «ብርድ ይመታሃል፣ ልበሰው!» የሚል ድምፅ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲመጣ የትኛውም ፋሽን አይቋቋመውም።

የመርከብ ጫማ የሚሉትም አለ። ፖል ስፔሪ የሚባል ሰው ውሻው በረዶ ላይ ሳይንሸራተት ሲሮጥ አይቶ፣ የመዳፉን ስንጥቅጥቅ ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ሶሉን እንዲሁ የቆራረጠ ጫማ ሠራ፤ በእርጥብ የመርከብ ወለል ላይ እንዳያንሸራትት። ልጅዎ መርከብ የለውም። ሳማሚሽ ሐይቅ ቅርብ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ቀጥሎ ጀልባ እንዳይጠይቅ ክርክሩን በአጭሩ ይቁረጡት።

አሁን ወደ ሬድመንድ እንምጣ፤ ይህ በሽታ እዚህ መነሳቱ የሚገርም ነውና። ከተማው ሀብታም የለውም አይባልም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በተከፈተው የባቡር መስመር ልጅዎን ይዘው ሬድመንድ ቴክኖሎጂ ጣቢያ ይውረዱና ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ሰው እዩ። ይህ የመስክ ጥናት ነው፤ ደብተር ይያዝ። በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ ያጠለቀው፣ ኮፍያ ያለው ሹራብ የለበሰው፣ ቦርሳው ላይ ያረጀ የኮንፈረንስ ስም የተጻፈበት ሰውዬ አክሲዮኑን ቢመነዝር መንደር ይገዛ ይሆናል። ኮት የለበሰ ካጋጠማችሁ ወይ ዕቃ ሊሸጥ የመጣ ነው፣ ወይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ነው፣ ወይ ደግሞ የኛ ሰው ሆኖ ወደ ለቅሶ እየሄደ ነው። የአካባቢው የባህል ልብስ የዝናብ ጃኬት ነው። በላባ የተሞላውን ጃኬት ያስፋፋው ኤዲ ባወር እ.ኤ.አ. በ1920 ሲያትል የተነሳ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዓመታት ሬድመንድ ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘብ እንዳለው ላለመምሰል በሚለብስበት ከተማ፣ የሌለን ደግሞ ያለን እንድንመስል ልጆቻችን ይወተውቱናል። ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም።

ጥናቱ ካልሠራ ከአዲስ አበባው የአጎቱ ልጅ ጋር ያገናኙት። ጥያቄው አጭር ነው፤ «ትምህርት ቤት ምን ለብሰህ ትሄዳለህ?» መልሱን አብረው ያዳምጡ። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ ያለበት ሹራብ፣ ቀለሙ የታዘዘ ሱሪ። ከላይ እስከ ታች ፕሬፒ ነው! በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ማደል ጀምሯል። አዲስ አበባ በነፃ የሚሰጠውን ሬድመንድ በዶላር ይሸጣል። የአጎት ልጅ ደግሞ ደወሉ እንደተደወለ ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ ያስራል፤ የሚመኘው የሬድመንዱን ልጅ ኮፍያ ያለው ሹራብ ነው። ሁለቱ ሲያወሩ ልብስ እንለዋወጥ የሚል ስምምነት ላይ እንዳይደርሱ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሻንጣ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። ባለፈረሱን ቲሸርት ከሆነ የአጎት ልጅ ከሳልቫጅ ተራ ቀደም ብሎ ገዝቶት ይሆናል፤ ምናልባትም ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ ሰው በከረጢት የጣለውን።

የድሮ ፎቶ የማሳየት ሐሳብ ይመጣብዎታል። እንግዲህ ይህ በጥንቃቄ የሚደረግ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ዘመን እዚህ የተማረ አጎት ካለዎት፣ ቀጭን ከረባቱን አስሮ፣ ጠባብ ኮቱን ለብሶ፣ ስለ አብዮት ሊከራከር ተዘጋጅቶ የተነሳው ፎቶ አይጠፋም። ልጅዎ አይቶት የሚናገረው ስለ መሬት ላራሹ አይደለም፤ «ኮቱ አሁን የት ነው?» ነው። ከዚያ የፋሽንን ክፋት ሊያስረዱት 1960 ዓ.ምን ያነሱ ይሆናል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎቹ የባህል ወረራ ነው ብለው ተነሱ፤ ግርግር ሆነ፣ ተማሪዎችም ታሰሩ። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ልጅቱ ካልሰማች። የሴቶቹ አጭር ጉርድ ያን ያህል ሲያስቆጣ የወንዶቹን ኮትና ከረባት ወረራ ነው ያለ ለምን አልተገኘም ብላ ትጠይቅዎታለች፤ እርስዎም ወጥ ለማማሰል ይነሳሉ።

ስለዚህ መግዛትዎ አይቀርም። የዋሽንግተን ግዛት ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ ይጥላል፣ ሬድመንድ ሲደርስ ከ10 በመቶ ያልፋል። ኦሪገን ውስጥ የሽያጭ ታክስ የለም፤ ቅዳሜ ቤተሰቡን ጭነው ፖርትላንድ ቢሄዱ ያተርፋሉ፤ የነዳጁንና የምሳውን ሒሳብ ማንም አይጠይቅዎትም። በልኩ አይግዙለት፤ እንዲያድግበት አንድ ቁጥር ያስበልጡ። ቢያኮርፍ «ኦቨርሳይዝ ነው» ይበሉት፤ ይህች ቃል ወላጅን ከብዙ አድናለች። ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት ግን እሱ ሳያይ አይበጥሱት፣ ደረሰኙንም ቦርሳዎ ውስጥ ያቆዩት። እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ሌላ ነገር ለብሶ ሊመጣ ይችላል።