የጸደቀው ጥድ

ግልገል በለስን በረሃ ናት ብል አገሬው ይቀየመኛል፤ ቆላ ናት ልበልና ልለፍ። ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በመጋቢት ቀትር ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ የሚሄድባት የመተከል ዞን ከተማ ናት። ማንጎ ይሆናል፣ ሰሊጥ ይሆናል፣ ሽመሉማ ሳይጠሩት ይመጣል። ጥድ ግን አይሆንም። ይህን ለማወቅ የግብርና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ጎረቤቴን አለመሆን ብቻ ይበቃል።

ጎረቤቴ መምህር ነው፤ ያውም የጂኦግራፊ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ መስመር ሲያሰምር የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ግን ማታ ማታ በስልኩ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ይጎበኘው ጀመር። ከሽማግሌው ፊት ከጉልበት የማታልፍ ጥድ አለች፤ ግንዷ እንደ አሮጊት ጣት ተጣሟል፣ ግማሽ አካሏ ደርቆ እንደ አጥንት ነጥቷል፣ ግማሿ ደግሞ ለምልማለች። ዕድሜዋ በመቶ ነው የሚቆጠረው። ነገሩ ቦንሳይ ይባላል፤ ቻይናዎች ጀምረውት ጃፓኖች የተራቀቁበት ጥበብ ነው። ቃሉ በሳህን የተተከለ እንደ ማለት ስለሆነ፣ በእኛ ቤት ቢፈጠር ኖሮ «ጣባ ተከል» እንለው ነበር። ደግሞም አልቀረ፣ መምህሩ የባለቤቱን የሽሮ ጣባ አንሥቶ ቂጡን በምስማር በሳው። ሴትዮዋ «ሽሮውን በምን ላቅርብ?» ብላ ጠየቀች። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችም።

ችግኙ የመጣው ከእንጅባራ ነው። መምህሩ ለዚሁ ብሎ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ተመለሰ። የአውቶቡሱ ረዳት «ጣራ ላይ እንስቀለው?» ቢለው «ልጅህን ጣራ ላይ ትሰቅላለህ?» አለው አሉ፤ እስከ ቻግኒ፣ ከቻግኒም ቁልቁል እስከዚህ ድረስ ጉልበቱ ላይ ታቅፎት መጣ። ቤት እንደገባ ከአሮጌ የመብራት ገመድ መዳቡን ገፎ ቅርንጫፎቹን እየጠመዘዘ አሠራቸው። ከወዲያ ማዶ ያሉት እትዬ ቡና ሊጠጡ ብቅ ሲሉ ችግኙን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምን ሆኖ ነው? ወድቆ ነው? ለምን ወጌሻ አታሳዩትም፣ በሽመል ያስርላችሁ ነበር።»

እዚህ ላይ ስለ ጥድ አንድ ነገር ላንሣ። ያገራችን ጥድ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ብርድና ጉም እየጠጣ የሚያድግ፣ ሲመቸው ከ30 ሜትር በላይ የሚመዘዝ ዛፍ ነው። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘሩን አስመጥተው መናገሻን አስለበሱት ይባላል። ንጉሡ ለጥድ ተራራ ሰጡት፤ ጎረቤቴ ጣባ።

ጥዱ መጀመሪያ ላይ በረንዳ ላይ ነበር። በረንዳ ላይ ቢቆይ ኖሮም ቆላው አይምረውም ነበር፤ የገደለው ግን ንባብ ነው። መምህሩ በ2011 ዓ.ም. ከቶክዮ አጠገብ በሳይታማ የሆነውን አነበበ። ሌቦች ከአንድ ቤተሰብ ሰባት ቦንሳይ ሰረቁ፤ ከነዚያ አንዷ ዕድሜዋ 400 ዓመት፣ ዋጋዋ ከ10 ሚሊዮን የን በላይ የሆነ ጥድ ነበረች። ባለቤቶቹ ለሌቦቹ ያስተላለፉት መልእክት ደግሞ «እባካችሁ ውኃ አጠጧቸው» የሚል ነበር። እኔ ይህን ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። መምህሩ ግን የሰማው ዋጋውን ብቻ ነው፤ በዚያው ማታ ጥዱን ወደ ሳሎን አስገብቶ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከሥሩ ዳንቴል አንጥፎ አስቀመጠውና በሩን ቆለፈ። ሳሎን ውስጥ የሚኖር ጥድ የለም። ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል፣ የሌሊት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ዳንቴል አይፈልግም።

ጥድ ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲሞት አይናገርም። ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ለቅሶ የሚደርሰው ቢጫ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ተዝካሩ ሁሉ አልፏል። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር መምህሩ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ «ጸደቀ?» ብሎ ሲጠይቅ «ጸደቀ!» ይባል ነበር። ሐሰት አይደለም። በአማርኛችን ሰው የሚጸድቀው ከሞተ በኋላ ነው፤ ችግኝም በዚሁ ደንብ መተዳደር ከጀመረ ሰንብቷል። የጽድቀት መጠን የሚባለው ነገር የሚቆጠረው ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሪፖርቱ የሚጻፈውም ዝናቡ ሳያባራ እንደሆነ ስንቱን አይቻለሁ።

በማንም ላይ ጣት መቀሰሬ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለበት ቀን እኔም ነበርሁ። አዲስ ቦቲ ጫማ አድርጌ፣ ቆብ ደፍቼ፣ አንዲት ችግኝ ተክዬ አራት ፎቶ ተነሣሁ። ተመልሼ አላየኋትም። ፎቶዬ ላይ ግን እስከ ዛሬ አረንጓዴ ናት።

ገና ደረሰ። መምህሩ «እነሆ የራሳችን የገና ዛፍ» ብሎ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አጠለቀለትና፣ እንደ ወጉ በረዶ ይሁነው ብሎ ጥጥ ከጫፍ ጫፍ ነሰነሰበት። በሩና መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እኛ በካርቶን ፊታችንን እያራገብን፣ ላብ በጀርባችን እየወረደ፣ በረዶ የወረደበትን ጥድ ከበን ዶሮ በላን። ሬሳ ከበን መሆኑን ከቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ብቻ አንዴ ዳበስ አድርገው «ሰውነቱ ቀዝቅዟል» አሉ፤ እኛ በረዶውን ነው ብለን ሳቅን።

ለጥምቀት ዛገ። የመምህሩ ትንሽ ልጅ አንዷን ቅርንጫፍ ብትነካት ቅጠሉ ዳንቴሉ ላይ እንደ ጤፍ ረገፈ። የደን ትምህርት የተማረ አንድ የሰፈር ሰው ተጠርቶ መጥቶ ረግፎ የቀረውን አገላበጠና፣ እየከበደው «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ጥድ ነው» አለ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ በሐበሻ ጥድ ስም ያስታመምነው ዘሩ ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣውን፣ ለአጥር የሚተከለውን ነበር። መምህሩ እንደሚያዝን ጠብቄ ነበር። ፊቱ በራ። «አላልኋችሁም! ለዚህ ነዋ!» አለ። ጥፋቱ የቆላ አልነበረም፣ የጣባውም፣ የሳሎኑም አልነበረም፤ የዘር ጉዳይ ነው። ከፋሲካ በኋላ እውነተኛውን ጥድ ያመጣል።

አሁን ለእንግዳው መደርደሪያ እየተሠራለት ነው፤ በዚህኛው ዙር ውጭ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር። ቦታውን ግን አንዲት ዋርካ ይዛዋለች። ከግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የወፍ ኩስ ይሁን ምን የዘራት፣ ማንም ውኃ ያልሰጣት ናት። የሰፈሩ የፍየል ግልገል ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጫፏን ስለሚቀነጥስ ከጉልበት አልፋ አታውቅም፤ ግንዷ ግን የእጅ አንጓ ያህላል፣ ሥሮቿ ድንጋዩን እንደ ጭልፊት ጥፍር ጨብጠዋል። ሚላን አጠገብ ፓራቢያጎ በምትባል ከተማ የክሬስፒ የቦንሳይ ሙዚየም አለ፤ ጎብኚ ሁሉ ከፊቷ ቆሞ የሚገረምባት ዛፍ የዚችው የዋርካ ዘመድ ናት። ዋርካ፣ ሾላ፣ በለስ ያንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ሙቀት የለመዱ፣ ቢቆረጡ የማያኮርፉ። ትንሽ በለስ ማለት እንግዲህ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ምን እንደሚሆን የከተማችን ታፔላ ላይ ተጽፏል፤ የጂኦግራፊ መምህር በየቀኑ በሥሩ ያልፋል።

ትናንት የቀን ሠራተኛ ገጀራውን ይዞ መጣ። መምህሩ ዋርካዋን እያሳየ «ይችን አንሣልኝ፣ ለዛፍ ቦታ እፈልጋለሁ» አለው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ግንዷን አየና ሳቀ።

«ቲቸር፣ ይችን ስቆርጣት ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። በየዓመቱ ትጠሩኛላችሁ።»

«ታዲያ ቁረጣታ!»

ቆረጣት። ከጠባሳዋ ነጭ ወተት እየተንጠባጠበ ሳለ ልጁ ሒሳቡን ተቀብሎ «ለከርሞም ስልኬ ያው ነው» ብሎ ሄደ።