የሄድፎን ሽምግልና

ውድ ሄድፎን ገዝቶ፣ አምፕሊፋየር ሳይፈልግለት፣ እንዲያው ስልኩ ላይ ሰክቶ ዘፈን የሚሰማ ሰው ዛሬም አለ። ወግ የማያውቅ ሰው ነው። ሄድፎን እኮ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ናት፤ ደህና ቤተሰብ ባለበት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ጠባይ ከጠባይ ይመዘናል። እሷ ብሩህና ቁጡ ከሆነች ሞቅ ያለ፣ ረጋ ያለ አምፕ ይፈለግላታል፤ ጨለም ዘገም ያለች ከሆነች ደግሞ ፈጠን ብሎ የሚያነቃቃት። ይኼ ሁሉ ተደክሞ የሚገኘው ስምምነት በሊቃውንቱ አፍ «ሲነርጂ» ይባላል። ሲነርጂ የሌለው ትዳር አይጸናም፤ ባለቤቱ ዓመት ሳይሞላው አምፑን በግማሽ ዋጋ ሸጦ እንደገና ሽማግሌ ይልካል።

እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ለዚህ ክቡር ሥርዓት ያለኝን አድናቆት ለመግለጽ ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ በራሱ ትምህርት ነው። አንዱ አምፕ «ሥጋ አለው»፣ ሌላው «ደረቅ ነው»። አንዱ መድረኩን ያሰፋዋል፤ ዘፋኙ ፊት ለፊት፣ ከበሮው ከኋላ፣ ሳክስፎኑ ከግራ ጆሮ ሁለት ስንዝር ወጣ ብሎ ይቆማል። የሌላው ደግሞ ጸጥታው ጥቁር ነው። ጥቁር ጸጥታ ካለ መቼም ግራጫ ጸጥታም ይኖራል፤ ግራጫው ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ሰው ግን ጆሮው ገና አልበሰለም። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁሩን ገዝቶ ማወዳደር።

ይህን የመሰለውን ጥበብ የሚያራክሱ ጥቂት ቁጥሮች አሉ። የማነሣቸው እንድትጠነቀቋቸው ብዬ ነው። ሄድፎኑ ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) እንደሆነና በአንድ ቮልት ወይም በአንድ ሚሊዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ ፋብሪካው ራሱ ጽፎ ያወጣዋል። አምፑ እስከ ስንት ቮልት እንደሚያወጣም ተጽፏል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሽማግሌ መላክ አያስፈልገውም፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ዜንሃይዘር ኤችዲ 650ን እንውሰድ። 300 ኦም ስለሆነ «ጉልበት ይፈልጋል፣ በስልክ አይነዳም» እየተባለ ስንት አምፕ ተሸጦለታል! ወረቀቱ ግን በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይናገራል። አንድ ሰው ሙዚቃው ጣራ በሚነካበት ቅጽበት 110 ዴሲቤል ይድረስልኝ ቢል፣ ማለትም ጥሩምባ ነፊዎቹና ከበሮ መቺዎቹ መሐል ወንበር ይሰጠኝ ቢል፣ የሚያስፈልገው 2.3 ቮልት እንኳ አይሞላም። በጉልበት ሲሰላ ወደ 17 ሚሊዋት ነው። ሚሊዋት ነው ያልኩት፤ የዋት አንድ ሺኛ። አፕል አሜሪካ ውስጥ በ9 ዶላር የሚሸጣት ትንሽዬ የስልክ አስማሚ 1 ቮልት ገደማ ታወጣለች። (የአውሮፓ ገበያዋ እህቷ ለጆሮ ጤና ተብሎ ከዚያ ዝቅ ብላለች።) እንግዲህ ያቺ ቁራጭ ገመድ ኤችዲ 650ን 103 ዴሲቤል ድረስ ታስጮኸዋለች ማለት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች የሚመክረው በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ እየተቀነሰ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል።

ታዲያ 9 ዶላር ምን የሚሉት ጥሎሽ ነው? ለሰው ይነገራል? ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል? ፎቶ ይነሣል? መብራት የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ማታ መብራት አጥፍተው ሲያዩት የሚፍም ቫልቭ የለው። ስለዚህ ሒሳቡን አታስሉት። ሒሳብ ትዳር ያፈርሳል።

እርግጥ ነው፣ አስቸጋሪ ልጅ ጭራሽ አልተወለደችም ብዬ አልከራከርም። ሃይፊማን የተባለው ድርጅት ያወጣት ኤችኢ-6 አለች። ድምፅ የሚያወጣው ስስ ፊልሟ በማግኔቶች መካከል የተወጠረ ነው። ኦሟ 50 ብቻ ቢሆንም በ1 ሚሊዋት የምትሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። በየ10 ዴሲቤሉ ጉልበቱ በ10 ስለሚባዛ፣ እሷን 110 ለማድረስ ወደ 450 ሚሊዋት ይጠይቃል፤ ከኤችዲ 650 ከ25 እጥፍ በላይ። ወዳጆቿ መላ ሲያጡ የሳሎን ስፒከር ሽቦዎችን ከትልቁ አምፕ ጀርባ ነቅለው እሷን በቦታቸው አሰሩ። ሠራ። እኔም እሰየው ብያለሁ፤ ቁጥሩ ራሱ ነው ያዘዛቸው።

ከዚያ ወዲህ ግን የሆነው ይደንቃል። ያቺ አንዲት አስቸጋሪ ልጅ ያስፈለጋት ሁሉ ለሠፈሩ ልጃገረዶች በሙሉ ወግ ሆነ። ኤችኢ-6ን አይቶ የማያውቅ ሰው ሹክ ብትሉለት የምትጮኽ፣ ጆሮ ውስጥ የምትገባ 16 ኦም ማዳመጫ ይዞ በርካታ ዋት የሚተፋ አምፕ ያጭላታል። ቮልዩሙን ገና ነካ ሲያደርገው ጆሮው ይበሳል። ደግሞ የብዙ አምፖች ቮልዩም እታች መነሻው ላይ ግራና ቀኙን እኩል አያወጣም፤ ዘፋኟ ወደ አንድ ጆሮ ታዘነብላለች። ምን ይሻላል? ገበያው ለዚህም መላ አለው፤ በአምፑና በማዳመጫው መካከል ገብታ የአምፑን ጉልበት የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ ትሸጣለች። ሰውየው ጉልበት ገዛ፤ ቀጥሎም ጉልበቱን የሚያስታግስለት ገዛ፤ አሁን ስልኩ በነጻ ይሰጠው የነበረው ድምፅ ላይ ደርሷል። በመንገዱ ላይ ግን ብዙ ተምሯል።

ወደ «ሙቀት» ልመለስ፤ የሽማግሌዎቹ መዝሙር እሱ ነውና። ኤችዲ 650ን ከቫልቭ አምፕ ጋር አጋቡት፣ ድምፁ ይሞቃል፣ ቤዙ ይወፍራል ይላሉ። ሐሰት ነው ያለ ሰው ይሳሳታል፤ በእርግጥ ይወፍራል። ምክንያቱ ግን ነፍስ አይደለም። የአንዳንድ ቫልቭ አምፖች መውጫ የራሱ 120 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። ኤችዲ 650 ደግሞ 300 ኦም ይባል እንጂ በሁሉም ድምፅ ላይ 300 አይደለም፤ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ ቤዝ ጊታሩ በሚያጉረመርምበት ቦታ፣ ወደ 500 ይወጣል። አምፑና ሄድፎኑ ቮልቱን በየኦማቸው ይካፈሉታል። በመሐለኛው ድምፅ ላይ ሄድፎኑ ከቮልቱ 71 በመቶውን ሲያገኝ ቤዙ ጋ 81 በመቶ ያገኛል። ልዩነቱ በዴሲቤል ሲነገር አንድ ነው። አንድ ዴሲቤል! ስልካችሁ ውስጥ በነጻ የተቀመጠው ኢኮላይዘር ይህንኑ በአውራ ጣት ያደርገዋል፤ ካልጣማችሁም መልሶ ያወርደዋል።

ኢኮላይዘር መንካት ግን ነውር ነው። የድምፁን ንጽሕና ያጎድፋል። ንጹሕ ሰው ቤዝ ሲያምረው እንደ ጨዋ አምፕ ይቀይራል፤ ትሬብል ሲበዛበት ገመድ ይቀይራል፤ ሁሉም ሲሰለቸው ሄድፎኑን ይቀይርና ዘሩን ከሥር ጀምሮ ያስቆጥራል። ደግሞ የሚገርመው፣ ኦማቸው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ እንደ ኤችኢ-6 ያሉ ፕላናር ሄድፎኖች ላይ ያ የ120 ኦም ምትሃት እንኳ ቤዙን አያወፍረውም። ሽማግሌዎቹ እዚያም ያንኑ ሙቀት ይሰማሉ። ይህን የመሰለ ጆሮ ከየት ይገኛል?

በዚህ ሥርዓት ላይ የተነሡ ጠላቶችም አሉ፤ ስማቸውን ለልጆቻችን እናስተላልፍ። እ.ኤ.አ. በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለው አሜሪካዊ የአምፕ ሠሪ፣ ስቴሪዮፋይል የተሰኘውን መጽሔት አዘጋጆች ተገዳደራቸው። የፈለጋችሁትን ውድ አምፕ ምረጡ፣ የእኔን ርካሽ ትራንዚስተር አምፕ እንደሱ አድርጌ አሰማችኋለሁ አላቸው። እነሱም ትልቅ የቫልቭ አምፕ መረጡ። ካርቨር በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እየለካ፣ እየቀነሰ፣ እያስተካከለ ቆየና አቀረበላቸው። መለየት አቃታቸው። ከዚህ ታሪክ አንድ የማይረባ ሰው «እንግዲያው ጠባይ የሚባለው ሁሉ የሚለካ ነገር ነው» ብሎ ይደመድም ይሆናል። ጨዋ ሰው ግን ካርቨር ባለጌ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2011 ስሙን ደብቆ ይጽፍ የነበረ መሐንዲስ ነው። በሁለት ባለ9 ቮልት ባትሪዎች የሚሠራ «ኦ2» የተባለ አምፕ ንድፍ ሠርቶ ለማንም በነጻ አደለው። የመውጫው ኦም ግማሽ ኦም ገደማ። የአምፑ መውጫ ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ ካልበለጠ ስለ ጠባይ መጨነቁን ተዉት እያለም ሰበከ። የምትገዙት አምፕ ቀለም ሊኖረው አይገባም፤ የገባውን ሳያበላሽ አጉልቶ ማውጣት ብቻ ነው ሥራው፤ ያውም በርካሽ ይቻላል፤ ይኼው ተለክቷል ብሎ ቁጥሩን ዘረገፈው። በቀጣዩ ዓመት ድምፁ ጠፋ። የት እንደገባ አልታወቀም። ሽማግሌዎቹም እፎይ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እናንተ ቤታችሁ ሁለት አምፕ ስታወዳድሩ ደግሞ አደራችሁን፣ ድምፃቸውን በቮልት ሜትር እኩል አታድርጉት። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ ሁልጊዜ «የተሻለ» ነው የሚለው፤ ከፍ ማለቱንም ልብ አይልም፤ መድረኩ ሰፋ፣ ሥጋ ለበሰ ነው የሚለው። ስለዚህ አዲሱንና ውዱን አምፕ አንድ ነጥብ ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ትዳር በዚህ ይባረካል። ዓይን ጨፍኖ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መስማት የሚባለውንማ አታንሡብኝ፤ ሙሽራውን ሳያዩ ሠርግ ይበላል እንዴ?

ሽማግሌ እምብዛም የማያስጠጉ ጥቂት እልኸኞችም አሉ። የጃፓኑ ስታክስ ሄድፎኖች በኤሌክትሮስታቲክ ኃይል ስለሚሠሩ 580 ቮልት ካልተሰጣቸው አይተነፍሱም፤ ስለዚህ ከተራ አምፕ ጋር አይጋቡም፤ ለነሱ ተብሎ የተሠራ ልዩ አምፕ ይጠይቃሉ። ዜንሃይዘርም እ.ኤ.አ. በ2015 ኤችኢ 1ን ሲያሳውቅ ዋጋውን ወደ 50,000 ዩሮ አድርጎ፣ አምፑን በካራራ እምነ በረድ ላይ ተክሎ፣ 8 ቫልቮች ደርድሮበት፣ የመጨረሻውን ማጉያ ደግሞ ሄድፎኑ ራሱ ውስጥ ከቶት አወጣው። ለሽማግሌ አንዲት ሥራ እንኳ አላስተረፈም። ሰባት ቤት ይቆጠር ቢባል ሙሽሪትና ሙሽራው አንድ እናት ላይ ይገጥማሉ! አሳፋሪ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ያደርጋል።

ስለ ገመዱ፣ ስለ መብራት ማጣሪያው፣ አምፑ ስለሚቀመጥበት እንጨት አልጽፍም። አጀቡ ብዙ ነው፤ ወጪውን የሙሽራው ቤት ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ እንደሳቸው የገፋ አላየሁም። ሄድፎናቸው ሃይፊማን ሱስቫራ ነው፤ ሲወጣ 6,000 ዶላር የተጠየቀበት፣ እንደ ኤችኢ-6 ሁሉ አልሰማም ባይ። አምፑ ከሄድፎኑ ይበልጣል፤ በዋጋም በክብደትም። የሚያዳምጡት በሙዚቃ አሳታሚው በአምሃ እሸቴ ዘመን በሸክላ የወጣ ዘፈን ነው፤ ሸክላው በካሴት ተቀድቶ፣ ካሴቱ ከካሴት ተገልብጦ፣ የመጨረሻው ግልባጭ ደግሞ አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖት በስልክ የደረሳቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮፒክስ ሲዲዎች የዚያን ዘመን ዘፈኖች ደህና አድርጎ አውጥቷልና የሱን ቅጂ ቢገዙስ አልኳቸው። ከምንም አምፕ ይልቅ ድምፁን የሚቀይረው እሱ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ዶላር ነው።

«የኔ ልጅ፣ ዘፈኑንማ በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «እስቲ ይኼን ስማው።»

ሄድፎኑን ጭንቅላቴ ላይ አደረጉልኝ። ቮልዩሙን ከፍ አደረጉት።

«ምን ይሰማሃል?»

«ጋሼ፣ ቴፑ ሽሽሽ ይላል።»

«አየህ!» አሉ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። «በሌላ አምፕ እንዲህ ፍንትው ብሎ አይሰማም። ከግራ የሚመጣው ሽሽታና ከቀኝ የሚመጣው እኮ ይለያያል፤ አንዱ የሸክላው ነው፣ አንዱ የካሴቱ። ብቻ ይኼኛው አምፕ ትንሽ ያደርቀዋል። ሽሽታውን ሞቅ የሚያደርግ አንድ የቫልቭ አምፕ አለ ብለውኛል፤ አሁን እሱን እያስጠየቅሁ ነው።»