የሬዲዮ ድንጋይ

የበየዳ ብርድ ሰው ብቻ አይደለም የሚያደክመው፤ የሬዲዮ ድንጋይም ይጨርሳል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ አራቱን ድንጋይ አውጥቼ ምድጃ ዳር እደረድራቸዋለሁ። ሞቅ ሲላቸው ነፍስ ይዘራሉ። እምቢ ካሉ ነከስ ነከስ ይደረጋሉ፤ የእኔ ጥርስ ስላለቀ የሚነክስልኝ የልጅ ልጄ ነው። እሱም በነፃ አይነክስም፣ ካርድ ሙላልኝ ይላል።

ይህን ሁሉ መከራ የማየው ወሬ ልስማ ብዬ ነው። በወጣትነቴ ብስራተ ወንጌል የሚባል ጣቢያ ነበር፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ከአዲስ አበባ የሚያሰራጨው፣ ድምፁ ጥርት ያለ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ማሰራጫው ያው፣ ሬዲዮዬ ያው፣ ድንጋዩ ያው፤ ወንጌል ሰምቼ ተኛሁ፣ ለአብዮት ነቃሁ። ማን አማከረኝ? ድንጋይ የምገዛው ግን እኔ ነበርኩ!

በኋላ ባሕር ማዶ ለመድኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀርመን፣ 3 ሰዓት አሜሪካ። ድል ይብዛ ገበያ ላይ ገብስ እየሰፈርን «ጀርመን ምን አለች?» እንባባል ነበር። መጋቢት 2017 ላይ አንድ ማታ በ3 ሰዓት ከፈትኩ፤ ሽሽሽ። ድንጋዩን አሞቅኩ፤ ሽሽሽ። በዚህ ዕድሜዬ ሽቦ ይዤ ቆርቆሮ ላይ ወጣሁ። በነጋታው በግ የሚያህል ገንዘብ አውጥቼ አዲስ ድንጋይ ገዛሁ፤ አሁንም ሽሽሽ። ለካስ ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንቱ አንድ ወረቀት ፈርመው የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኛ ቤትህ ተቀመጥ ተብሏል። ከአርባ ዓመት በላይ የሰማሁት ድምፅ በአንድ ብዕር! በጀቱ የእነሱ ነው፣ ምን ይባላል።

አዝማሪን ለከፈለው ያዜማል ብሎ የሚያማ ሰው ይገርመኛል። አዝማሪ ቢያንስ ግንባሩ ላይ ብሩን ማን እንደለጠፈለት ሠርገኛው ሁሉ እያየ ነው የሚያወድሰው። ሬዲዮ ግንባር የለው!

የራስ ዳሸንን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ተራራው ጎረቤታችን ነው፤ ጎንደር ላይ ቢራ ሆነ። ተራራውንም ያማከረው የለም። ቢራ በየዓይነቱ ሲበዛ ኳሱንም፣ ድራማውንም፣ የበዓሉንም ዝግጅት የሚጋብዘን ቢራ ሆኖ አረፈው። በ2011 ዓ.ም. ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 1112 አወጣና የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወረደ። ለወጣቱ ጤና ነው፣ ደግ አደረጉ። የእኔ ጠላ እንደሆነ ማስታወቂያ ፈልጎ አያውቅም። ጣቢያዎቹ ግን ዋይ ዋይ አሉ፤ ለካስ ደሞዛቸው ጠርሙስ ውስጥ ነበር። አሁን በዜናው መሃል አፓርታማ ግዛ ይሉኛል። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ምን ልሰር? በጎቼን?

የመንግሥቱ ጣቢያስ አትሉም? በጀቱ ከመንግሥት ነውና የመንግሥት ሪባን ሲቆረጥ ያሰማኛል። ሪባኑ ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። ይህ ሁሉ መቀስ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ይነግሩኝ እንደሆነ ብዬ በትዕግሥት አዳምጣለሁ።

የልጅ ልጄ ይስቅብኛል። እሱ ዩቲዩብ አለው፤ «ሰበር ዜና» እያለ የሚጮህ ሰውዬ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይናገር «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚል። ያም እንጀራው የተመልካች ቁጥር ነው፤ ካልጮኸ ማን ያየዋል? በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ጊዜ ያ ጩኸት ሁሉ እልም አለ። ልጁ ወራቱን ሁሉ አጠገቤ ኩርምት ብሎ «አያ፣ ጀርመን ምን አለች?» ሲለኝ ከረመ። ድንጋይም በነፃ ነከሰ። ሲለቀቅለት ተመልሶ ሸሸ።

አሁን 1 ሰዓት ሊሞላ ነው። ምድጃ ዳር የደረደርኳቸውን ባይ ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ለካስ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ተረተሩ ሲወጣ መንገድ እንዲያበራለት ሁለቱን ባትሪው ውስጥ ከትቶ ሄዷል። አንተ ልጅ! አንተ ሌባ! ጀርመን ልትጀምር ነው እኮ!