ውዳሴ ዘግራፊክስ ካርድ

ምዕራብ ጎጃም በበርበሬው፣ በበቆሎውና በጤፉ የሚታወቅ ምድር ነው፤ ቡሬም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ መገኛ በመሆኗ ስሟ በዜና ሲነሣ ኖሯል። ይሁንና የአካባቢውን ዕድገት የሚመዘግቡ ሁሉ አንድ ዐቢይ ዘርፍ ዘለዋል። ይኸውም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ከተሞች በየኪራይ ክፍሉ የሚካሄደው፣ ምርቱ የማይበላ፣ የማይለበስ፣ ወደ ውጭም የማይላክ፣ ነገር ግን የአንድን ወጣት ተቀጣሪ የብዙ ወራት ደመወዝ ያለ አንዳች ተረፈ ምርት አቀነባብሮ የሚጨርሰው የኮምፒውተር አፕግሬድ ነው። ለዘርፉ መሬት አልተከለለለትም፤ ሪባን ቆርጦ የመረቀው ባለሥልጣንም የለም፤ ያለ ማንም ድጋፍ እዚህ ደረጃ መድረሱ ሲታሰብ ግን ውዳሴ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም።

አፕግሬድ ማለት፣ ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ በአጭሩ ሲገለጽ፣ የሚሠራ ኮምፒውተር ተከፍቶ አንደኛው አካሉ በውድ ዋጋ በተገዛ ሌላ አካል የሚተካበትና ኮምፒውተሩ ከዚያ በፊት ያልነበረበትን ችግር የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። ከአካላቱ መካከል ፕሮሰሰር ስሌቱን የሚሠራው፣ ራም በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዘው፣ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለውስጥ ክፍሎቹ በሚስማማ መጠን የሚያከፋፍለው፣ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ የጨዋታውን ምስል በየቅጽበቱ የሚስለው ክፍል ሲሆን፣ የምእመናኑ ልብ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። የካርዱ ብርታት የሚለካው በአንድ ሰከንድ ስንት ምስል መሣል እንደቻለ በሚናገረው፣ ኤፍፒኤስ በሚባለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በስክሪኑ ጥግ በትንንሽ ፊደላት ይታያል፤ የሥርዓቱ ተከታይም ኳሱን ትቶ ያንን ጥግ ሲመለከት ግብ ይቆጠርበታል።

ለዚህ ማዕረግ ከሚታጩት ኮምፒውተሮች አንዱ፣ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ደብዳቤ ሲጻፍበት ኖሮ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ ወደ አገር ቤት የገባው ትንሹ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ሠሪዎቹ ደብዳቤ ብዙ ኃይል እንደማይጠይቅ ያውቁ ስለነበር 240 ዋት ገደማ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ አስገጥመውለት ነበር። የማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) መሰኪያ ራሱ እስከ 75 ዋት ለካርድ ስለሚያቀብል፣ ከዚያ በላይ የማይጠይቀው በ2011 ዓ.ም. የወጣው ጂቲኤክስ 1650፣ በአጭር ቁመት ከተሠራ፣ ያለ ብዙ ጣጣ ይገባበታል። ያለ ጣጣ የገባ ካርድ ግን ለማን ይወራለታል? ስለዚህ ዐይን የሚያርፈው የቡሬው ፓርክ በተመረቀበት ዓመት ለገበያ በቀረበውና ለብቻው 170 ዋት በሚጠጣው አርቲኤክስ 3060 ላይ ነው። አምራቹ ለዚህ ካርድ የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፤ ፓወር ሰፕላዩ ሲገዛ ሶኬቱ ከዴሉ ማዘርቦርድ ጋር አይገጥምም፤ ማገናኛ ተፈልጎ ሲገኝለት ደግሞ ካርዱም ፓወር ሰፕላዩም ከሳጥኑ ይተልቃሉ፤ በመጨረሻ የሳጥኑ ክዳን ተነሥቶ ግማሹ ዕቃ ከውጭ ይቀመጣል፤ የአስፋልት ዳር አቧራም ያለ ክፍያ ይገባል።

የጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ሳይቀር፣ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ ሊናገር ይችላል፤ ምክንያቱም ብርቱ በሬ ከደካማ በሬ ጋር ሲጠመድ ማሳው የሚታረሰው በደካማው እርምጃ መሆኑን ከልጅነቱ ያውቃል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህንኑ ቦትልኔክ ይሉታል፤ ፕሮሰሰሩ ያረጀ ከሆነ ምን እንደሚሣል የሚነግረው ትእዛዝ ስለሚዘገይ፣ ባለ ብዙ ሺሕ ብሩ ካርድ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ገበሬው በእንዲህ ያለ ጊዜ ደካማውን ይለውጣል። የአፕግሬድ ሊቅ ግን ጨዋታው አሁንም ላግ እንዳደረገ፣ ማለትም እየተንቀረፈፈ እንደሄደ፣ ባየ ጊዜ የሚደርስበት ድምዳሜ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብርቱው በሬ ገና አልበረታም ይላል።

ከሳጥኑ ውጭ ያለው ዓለምም የራሱ ደካማ በሬዎች አሉት፤ ከእነዚህ ዋነኛው መብራት ነው። የአገሪቱ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት እንደሆነ በየዕቃው ጀርባ ተጽፏል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲኖሩና ከመካከላቸው አንዷ ከ3 ሺሕ ዋት በላይ የሚወስደውን የእንጀራ ምጣድ ስትሰካ ግን ይህ ጽሑፍ ምኞት ይሆናል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ኮምፒውተሩም በ89ኛው ደቂቃ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል፣ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል። መፍትሔው በሥርዓቱ መጽሐፍ ተጽፏል፦ ስታብላይዘር ይገዛል። ስታብላይዘሩ የወረደውን ቮልቴጅ ያቃናል እንጂ የሄደን መብራት አይመልስምና መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራው ዩፒኤስ ይከተላል፤ ለቢሮ ኮምፒውተር ተብሎ የተሠራው ዩፒኤስ ደግሞ የካርዱን ጥማት ሲያይ ደንግጦ ለጥቂት ደቂቃ ይጮኽና ያርፋል። እንግዲህ አንድን የኳስ ጨዋታ ለማሳመር የተጀመረው ጉዞ ወደ ጄኔሬተር እያመራ ነው ማለት ነው። የግቢው አከራይ በበኩላቸው ምጣዱን ቢፈቅዱም ተከራዮቻቸውን የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳይጠቀሙ አጥብቀው ከልክለዋል፤ ግራፊክስ ካርድን ያልከለከሉት ስሙን ስላልሰሙ ብቻ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የኅዳሴ ግድብ ሲመረቅ የዚህ እምነት ተከታዮች ደስታ ከማንም አላነሰም፤ በመጨረሻ ስለ ካርዱ የሚያስብ ተገኘ ተብሎ ነበር። በግድቡና በኪራይ ክፍሉ መካከል ግን የማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ የተጠጋገነ ገመድና የምጣዷ ባለቤት አሉ፤ ተርባይን ሲጨመር እነዚህ አብረው አልተለወጡም። ከላይ የተገለጸው የጥማድ ሕግ ለካስ ለአገርም ይሠራል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም የኮምፒውተር ዕቃም አብሮት ወጣ። ተራ ሰው ይህን ሲያይ ግዢውን ያዘገያል። የአፕግሬድ ሊቅ ግን በዚያው ሌሊት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሆኖ አደረ፤ ነገ ስለሚወደድ ዛሬ መግዛት ቁጠባ ነው የሚለውን ትምህርትም ለጓደኞቹ አካፈለ። አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር የአሮጌው ዋጋ እንደሚወርድ፣ ስለዚህም የተቆጠበው ገንዘብ ከሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እየቀለጠ እንደሚሄድ የሚያነሣ ሰው በዚህ ጉባኤ ቦታ የለውም።

አቅሙ ለአዲስ ያልደረሰው ወደ ያገለገለው ገበያ ይወርዳል፤ ይህ ገበያም የራሱ ታሪክ አለው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እስከ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ የሚመረተው በአብዛኛው በግራፊክስ ካርድ ስሌት ነበር፤ በየመጋዘኑ ተደርድረው ሌት ተቀን ሲነዱ የነበሩ ካርዶች በዚያ ቀን ሥራ ፈቱና በዓለም ዙሪያ ለሽያጭ ቀረቡ። በቴሌግራም ገበያ «ብዙም አልተሠራበትም» ተብሎ የሚለጠፈው ካርድ ከእነዚህ አንዱ ቢሆን የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ከብዙ ድካም በኋላ ጡረታውን በፍኖተ ሰላም አየር ለማሳለፍ መምጣቱ ያስመሰግነዋል እንጂ። ካርዱ አዲስ አበባ ላይ ከመርካቶ ወይም ከመገናኛ ተነሥቶ፣ በአባይ በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በሰው በሰው ተልኮ ሲደርስ የሚደረግለትን አቀባበል ያየ፣ ዋስትናው እዚያው አዲስ አበባ መቅረቱን ለማስታወስ ልቡ አይጨክንም።

ካርዱ ተገጠመ፣ መብራቱ መጣ፣ ምጣዱ ወረደ እንበል። አሁን ስክሪኑ ጋ ተደርሷል። ብዙዎቹ ያገለገሉ የቢሮ ስክሪኖች ምስል የሚቀበሉት ቪጂኤ በሚባለው አሮጌ መሰኪያ ነው፤ ዘመናዊ ካርድ ደግሞ ይህን መሰኪያ ከረሳው ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ በምንዛሪው ንረት መካከል ተለፍቶ የተገዛው ካርድ ሥዕሉን የሚያቀርበው በርካሽ ማገናኛ በኩል ነው። ከዚያም በላይ ተራ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ምስሉን ያድሳል። ካርዱ በሰከንድ 200 ምስል ቢስል፣ ስክሪኑ የሚያሳየው እንደ ወትሮው 60 ያህሉን ነው፤ የቀሩት 140 ምስሎች ተሥለው፣ ኤሌክትሪክ በልተው፣ ማንም ሳያያቸው ያልፋሉ። ከሰው ዐይን ተሰውሮ የሚሠራ ሥራ በጎጃም ገዳማት የከበረ እንደሆነ ይታወቃል፤ ለማሽን መትረፉ ግን አዲስ ነው።

በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር ስለሚደረገው ጨዋታ ብዙ ማለት አያሻም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በግጭት ሳቢያ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ (ግጭቱ ከየቤቱ የወሰደው ከኮምፒውተር እጅግ የከበደ መሆኑ ለብቻው የሚነገር ጉዳይ ነው) ካርዶቹ ያለ ባላጋራ ሲበረቱ ከረሙ። መስመሩ ሲኖርም ቢሆን ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ብዙውን ጊዜ ያለው በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለሆነ፣ ትእዛዝ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ የሚወስነው ርቀቱና ኔትወርኩ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ካርድ እስካሁን አልተሠራም፤ ቢሠራ ግን ገዢ አያጣም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ምን ይጫወቱበታል ብሎ መጠየቅ ከጨዋ የሚጠበቅ አይደለም፤ ሆኖም መልሱ ይታወቃል። አዳዲሶቹ ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው ከ100 ጊጋባይት በላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ በሞባይል ዳታ ማውረድ ከካርዱ የተረፈውን ደመወዝ ይጨርሳል። ስለዚህ በፍላሽ የተገኘው ይጫናል፤ በፍላሽ የሚገኘው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። ይህ ጨዋታ በዝቅተኛ መስፈርቱ 256 ሜጋባይት ራምና 64 ሜጋባይት የምስል ማኅደር ይበቃዋል፤ አርቲኤክስ 3060 የያዘው 12 ጊጋባይት የዚያ 192 እጥፍ ነው። ዴሉ ከመከፈቱ በፊት ይህንኑ ጨዋታ ያለ አንዳች ላግ ያጫውት እንደነበር ማስታወስ፣ በሠርግ ቤት የሙሽራን የቀድሞ ታሪክ ከማንሣት አይለይም።

ሥርዓቱ ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ለወላጅም ተርፏል። በገጠር ያሉ አባት በርበሬያቸውን አድርቀው፣ ለቅመው፣ ቡሬ ገበያ አውርደው የሸጡበት ገንዘብ ላይ የካርድ ጥያቄ ሲቀርብ «ለጨዋታ» የሚል ቃል አይነገርም፤ «ለትምህርት ነው» ይባላል። ቀድሞ የኦቶካድና የግራፊክስ ዲዛይን ስም ይጠራ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊል ተፈታኞች በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ምክንያት ተገኘ። ምርጫ አንብቦ «ሀ» ወይም «ለ» ላይ ለመጫን ባለ ሦስት ማራገቢያ ካርድ ለምን እንደሚያስፈልግ አባት አልጠየቁም፤ ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ በፈተና ጥይት ሲተኩስ ሲሰሙም ትምህርቱ እንዴት ከብዷል ብለው አዘኑለት።

ለዚህ ባህል አደገኛ ተቀናቃኝ ሊባል የሚችለው የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ ሁለት ልጆች አንድ ማሽን ፊት ተቀምጠው ለአንድ ጨዋታ ሒሳብ ከፍለው፣ ተሳስቀው፣ ተሰዳድበው፣ ተሸንፈው ይሄዳሉ። ማሽኑ ክዳኑ ተከፍቶ ካርድ የሚለወጥበት አይደለም፤ ፕሌይስቴሽን 4 በ2006 ዓ.ም. በውጭ ገበያ ሲወጣ የነበረውን ግራፊክስ ይዞ ኖሯል፤ ስለ ክፍሎቹ አቅም የሚከራከር ደንበኛም አይታይም። ከዚያ የሚወጡት ልጆች ስንት ኤፍፒኤስ እንዳገኙ ቢጠየቁ የሚመልሱት ስንት ለስንት እንዳለቀ ነው። እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ አስተሳሰብ ባለበት ከተማ ሥርዓቱ ተስፋፍቶ መቆየቱ ያስደንቃል።

አንድ የመናፍቅ ሐሳብ ግን አልፎ አልፎ ይሰማል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሳህን ላይ መረጃ እየፈለገ ስለሚዘገይ፣ በእርሱ ፈንታ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ቢገባ በደቂቃዎች ይነሣ የነበረው ኮምፒውተር በሰከንዶች ይነሣል፤ ለብቻዋ ያለችው የራም ሰሌዳ አቻዋን ብታገኝም መረጃው በሁለት መስመር ስለሚመላለስ ላጉ ይቀንሳል፤ የሁለቱም ዋጋ ተደምሮ ከካርዱ እጅግ ያንሳል፤ አሮጌው ፓወር ሰፕላይም ይችላቸዋል። ነገር ግን ኤስኤስዲ ቀለም የሚለዋውጥ መብራት የለውም፤ ሳጥን ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀመጥ እንግዳ አያየውም፤ ገዝቶ የመጣ ሰውም ቢያንስ አንድ ወር በጾም ማሳለፉን ለማንም ማስረዳት አይችልም። የኮምፒውተር ነጋዴም ቢሆን ደንበኛው «ምን ልጨምርበት?» ብሎ ሲጠይቀው ይህን ቢመክር፣ የሚያተርፈው ጥቂት ብርና «ይህ ሰው ዕቃ አያውቅም» መባልን ነው።