መኪና የማይደርስበት መንገድ፣ እኛም የማንደርስበት

ደምበጫን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ አማኑኤልን አልፎ የመጣ መንገደኛ እዚህ ሻይ ቢጤ ቀምሶ ወደ ጂጋና ፍኖተ ሰላም ይቀጥላል። እኛ ሳይክል የምንነዳ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ዕድሜያችንን የምንጨርሰው ከዚሁ አስፋልት ለማምለጥ ስንታገል ነው። ማምለጥ ግን የት አባቱ!

አስፋልቱ የሚያልቅበትና ቦዩ የሚጀምርበት ቦታ አንድ ነው ማለት ይቻላል። በመሐል የቀረችው ስንዝር ጠጠር የእኛ ድርሻ ናት፤ እሷንም ቢሆን ከአህያው፣ ከበጉና ከባጃጁ ጋር ነው የምንካፈላት። የገበያ ቀንማ ባይነሳ ይሻላል። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ያለው ያለ ነገር አይደለም፤ ሲደርስብህ ነፋሱ ወደ ቦዩ ይገፋሃል፣ ሲያልፍህ መልሶ ወደ ጎማው ይስብሃል። ሾፌሩ ክላክሱን የሚያስጮኸው ጆሮህ ሥር ደርሶ ነው። ማስጠንቀቁ ይሆናል። የደነገጠ ሰው መሪውን ወዴት እንደሚያዞር ግን ያሰበበት የለም።

በሰው አገር ይህን ችግር የሚፈቱት ገንዘብ አፍስሰው ነው። እንግሊዞች በብሪስቶልና በባዝ ከተሞች መካከል ባቡር የተወውን የሀዲድ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 ድረስ እያስተካከሉ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ አደረጉት፤ 20 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሆናል። ዛሬ ቤተሰብ ልጁን ከፊት አስቀድሞ ይሄድበታል። እኛ ጎጃም ውስጥ የሚተው ሀዲድም የለን።

የሚያናድደው ግን እሱ አይደለም። የሚያናድደው፣ እነሱ ደክመው የሠሩት ነገር እኛ ዘንድ ሳይደከምበት መኖሩ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ «ዩራፕ» በተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ የጠጠር መንገድ የማገናኘት ሥራ ተጀመረ። ከአስፋልቱ ወጣ ብለህ ወደ ደጋ ዳሞት አቅጣጫ አንዱን ይዘህ ብትሄድ፣ ከአንድ ሞተርና ጭድ ከጫነ አህያ በቀር የሚያጋጥምህ ላይኖር ይችላል። ጥቅምት ላይ ኑጉ ቢጫ ለብሶ፣ ጤፉ እየተዘናፈለ፣ በባሕር ዛፉ መሐል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብልጭ ሲል፣ በምሥራቅ በኩል የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ሲታይ፣ ሌላው ዓለም ለዚህ ስንት ይከፍል ነበር ያሰኛል።

ከዚያ አንድ ክረምት ያልፋል። ቱቦው በደለል ይደፈናል፤ ውኃው በላዩ ይሄዳል፤ ጠጠሩን ይዞ ይወርዳል። የሚቀረው ዋልካው ነው። ዋልካን ያልነዳበት ሰው አያውቀውም። ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ ጭድና ሣር ያክላል፣ ከፓራፋንጎው ሥር ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ቸርኬው አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ካለ በኋላ ቀጥ ይላል። ወርደህ ጭራሮ ፈልገህ ትፍቀዋለህ። ካቴናው ውስጥ የገባውን በጣትህ ትለቅማለህ። ሃምሳ እርምጃ ሳትሄድ ያው ነው። በመጨረሻ ሳይክሉን ተሸክመህ ትሄዳለህ፤ በእርሻው መሐል የሚያይህ ገበሬ ደግሞ በሬውን ገትሮ ይስቅብሃል። አይፈረድበትም። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ጭቃው እንኳን በጋ ሲመጣ ይደርቃል፤ የሰዉ ጥያቄ ግን በጋ ክረምት የለውም። በገጠሩ መንገድ ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው የለም። ለቅሶ ይኬዳል፣ ገበያ ይኬዳል፣ ማኅበር ይኬዳል፣ ፍርድ ቤት ይኬዳል። አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያገኙሃል።

«እንደምን ዋልህ ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፣ እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ?»

«ልንሸራሸር ብዬ ነው።»

ዝም ይላሉ። ከእግር እስከ ራስ ያዩሃል። «መሬት ልትለኩ ነው?» ይላሉ ቀጥለው። ይኸው ነው። ወይ መሬት ለኪ፣ ወይ የጤና ሠራተኛ፣ ወይ ከዚህ የባሰ ነገር ትሆናለህ። ቀጣዩ ቀበሌ ስትደርስ ወሬው በስልክ ቀድሞሃል፤ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰውም ቆሞ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ከመካከላችን ብልጥ የሆኑት ዘመድ ፈጥረዋል፤ ከኮረብታው ማዶ የታመመች አክስት አለቻቸው። ምስኪን አክስት፣ ስንት ዓመቷ እንዲህ ስትታመም! ሌሎቻችን ውሸቱ ስለማይመቸን «እንዲሁ ነው» እያልን እንጠረጠራለን። ሰዉ ክፉ ሆኖ እንዳልሆነ እናውቃለን። የመጣው ዘመን ሰውን ሁሉ በዓይን እንዲለካ አድርጎታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን የማይታወቅበት አገር ነው፤ የእሱ ነገር ግን ከሳይክል እሮሮ በላይ ስለሆነ ሆድ ይፍጀው።

ልጆቹስ! ካስኬት ራስህ ላይ ካዩ በቃ፣ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ አቀበቱን ከኋላህ ይሮጣሉ። በአማርኛ ብትመልስላቸውም አይሰሙህም፤ ጭራሽ «አማርኛ ይችላል!» ብለው ይብስባቸዋል። አንዱ ደግሞ ድንጋይ ያነሳል። ይህን ልማድ ፈረንጆቹም ያውቁታል። «ቱር ዳፍሪክ» የሚባለው ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘልቅ የብስክሌት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ከመተማ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ይገባ ነበር፤ እዚሁ ደጃችን ማለት ነው። ኢትዮጵያን ካለፉ በኋላ የሚያወሩት ስለ አቀበቱና ስለ ድንጋዩ ነው። ስለ ኑጉ አበባ የሚያወራ ካለ ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ሳይክልን ለፈረንጅ ማን ሰጠው? እነ ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለደምበጫ ውሻ ግን ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ገረመውም ሁን ጽጋቡ ቁርጭምጭሚትህን አይምርም።

የዕቃው ነገር አጭር ነው፤ የለም። ጎሚስታው የመኪና ጎማ ለምዶ የሳይክል ካላማዳሪ ሲያይ ይተክዛል። ልክህን ካገኘህ ዋጋው አያስጠጋም፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተንሳፈፈ ወዲህ ደግሞ ትናንት የሰማኸው ዋጋ ዛሬ አይሠራም። በዚህ ላይ ጎማህ ከከተማ ርቆ ቢተነፍስ በቅጥቅጥ እመለሳለሁ ትላለህ። ረዳቱ ሳይክሉን አይቶ የሰው ሒሳብ ይጠራል፤ ከፍለህ ጣራ ላይ በበርሜልና በበግ መሐል ይጫንልሃል። ስታወርደው ራጂው ተጣሟል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ለከተሞቹስ የብስክሌት መንገድ አልተነፈገም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዋን ለመኪና ዘግታ ሕዝቡን አስወጥታለች፤ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር ተሠምሮላታል። ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር አለው። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። ደስ ብሎን ልንሄድበት እንችላለን፤ ከደምበጫ እስከዚያ ድረስ ያለውን አስፋልት ከአልቃይዳው ጋር ተጋፍተን በሕይወት ከደረስን።

አዲስ መንገድ ሥሩልን ያለ የለም። መንገዱ አለ። ለወረዳው የምንለው፣ ሰኔ ሳይገባ ቱቦዎቹን አስጠርጉልን ነው፤ ይህ ለእኛ ብቻ ሳይሆን በቃሬዛ ለምትወርደው ወላድም ነው። ለመምህራን የምንለው፣ ልጆቹን ድንጋዩን አስጥሏቸው፤ «ፈረንጅ» ማለቱን እንኳ እንችለዋለን። እናንተ ሾፌሮች ደግሞ እባካችሁ፣ ክላክሱን ከሩቁ አሰሙን።