አምስት ኮከብ ለዳዊት?

ዘንድሮ መጽሐፍ ጨረስኩ ያለ ሁሉ ሽፋኑን ከማኪያቶው ጎን ፎቶ አንስቶ ኮከብ ያድላል፤ «አራት ከአምስት፤ መጨረሻው አልጣመኝም» ይላል። ገጹ ሳይገለጥ ኮከቡ ይወጣል።

የመንዝ ሽማግሌ ግን 150ውን መዝሙረ ዳዊት ዕድሜ ልካቸውን ሲደግሙ ኖረው፣ ጭስ በጠገበ ማኅደሩ መልሰው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል እንጂ «ጨረስኩት» አይሉም። ኮከብ ስጡ ቢባሉማ ያማትባሉ።

ይባስ ብሎ ዶናልድ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር መንዝ ድረስ ዘልቆ አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ»ን በእንግሊዝኛ ሲያሳትም፣ የተገመገመው ራሱ መንዜው ሆነ። መንዜውስ ለመጽሐፉ ስንት ኮከብ ይሰጥ ይሆን?

ወገኔ፣ ኮከብ ቆጠራውን ለደብተራ ተውለትና መጽሐፉን አንብበው።